ወረታ ላይ ግራ ወይስ ቀኝ?



ከደብረ ታቦር የሚወርደው አውቶቡስ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ የታጠፈ ባሕር ዳር ይገባል፤ ወደ ቀኝ የታጠፈ ጎንደር ይገባል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ልጆች ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን የምንከራከረው በዚችው መታጠፊያ ላይ ነው። ተመርቀን፣ ጥቂት ዓመት አገልግለን፣ ኋላ ኑሯችንን የምንመሠርተው ከየትኛው ነው? አንዱ «ባሕር ዳር ነዋ! ቢሮው እዚያ፣ ሥራው እዚያ» ይላል። ሌላው «ጎንደር ይሻለኛል፤ ዘመድ አለኝ፣ ደግሞም የአባቶቻችን ከተማ ነው» ሲል ይመልሳል። መብራት ጠፍቶ እንኳ ክርክሩ አይጠፋም።

እኔም እንደ ሌላው ስከራከር ከርሜያለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር እየቆየ ይከነክነኝ ጀመር። ይኸውም በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል «እሺ፣ እዚያ ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ይህችን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣሁ። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ አስቀድሞ መመረጥ ያለበት ሥራው ነው፤ ከተማው ሥራውን ተከትሎ ይመረጣል።

ለመሆኑ ይህ ጥያቄ ከየት መጣ? ለአያቶቻችን ጥያቄው ጥያቄ አልነበረም። በእነሱ ዘመን ጋይንት ራሱን የቻለ አውራጃ ሆኖ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። የጠቅላይ ግዛቱም ዋና ከተማ ጎንደር ስለነበረ አቤቱታ ያለውም ሆነ ሹመት የሚፈልግ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ጎንደር ይሄድ ነበር። ባሕር ዳር በጎጃም በኩል የተቆጠረ ከተማ ነበርና የእኛ ሰው ከገበያና ከዝምድና በቀር እምብዛም ጉዳይ አልነበረውም። በ1980ዎቹ የክልል አስተዳደር ሲቋቋም ግን ባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነ። ማኅተሙም ፋይሉም ወደዚያ ዞረ። እንግዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የጉዳዩ አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ተገለበጠ ማለት ነው።

ታዲያ «ጎንደር» የሚለው ጓደኛችን የአያቱን ጉዳይ ይዞ ይሟገታል። «ባሕር ዳር» የሚለውም የቢሮውን ጉዳይ ይዞ ይሟገታል። የራሱን ጉዳይ የያዘ ግን ጥቂት ነው።

ታሪክን ብንመለከት ከተሞችን ከተማ ያደረጋቸው ሥራ መሆኑን እንረዳለን። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ግንበኛው፣ ሠዓሊው፣ የቅኔና የአቋቋም መምህሩ፣ ነጋዴው ሁሉ የተሰበሰበው ሥራውን ተከትሎ ነው። ባሕር ዳርም በጣና ዳር ያለች ትንሽ ቦታ ሆና ኖራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953፣ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ነው እንደ ከተማ መፋፋት የያዘችው። ከሁለቱም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበውን ደብረ ታቦርን እንውሰድ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። ሥራው በነበረበት ጊዜ የውጭ አገር ባለሙያ ሳይቀር ጋፋት ላይ ከትሞ ነበር። ሥራው ሲያበቃ የጋፋት ስም ብቻ ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻል?

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። ጎንደርንም ባሕር ዳርንም ካስወደዱን ነገሮች ዋናዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ናቸው። እስቲ አመጣጣቸውን እንይ። የጎንደሩ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ነበር። የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። የባሕር ዳሩ ደግሞ ከሁለት ተቋማት የተገኘ ነው። አንዱ ከላይ የጠቀስኩት ፖሊ ቴክኒክ ሲሆን ሁለተኛው በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ይኸኛው የእኛው ወገን ነው፤ የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪዎችንና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ተቆጣጣሪዎችን ያወጣ ነበር። ሁለቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጤና ኮሌጁም ሆነ አካዳሚው የተተከሉት የገጠሩን ልጅ ወስደው ከተማ ለማስቀረት አልነበረም። አሠልጥነው ወደ ገጠሩ ለመላክ ነበር። እኛ ግን ዛሬ መውጫ በር አድርገን ቆጥረናቸዋል።

«ስለዚህ ገጠር ቅሩ እያልክ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሰው የሚሻለውን መፈለጉ ነውር የለበትም። ደመወዛችን ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ የቤት ኪራዩንም እንዲሁ። የምለው፣ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ለራሱ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ ነው።

አንደኛ፣ ምን ልሠራ ወይም ምን ልማር ነው የምሄደው? በክረምት መርሐ ግብር ዲግሪውን ሊይዝ የሚፈልግ መምህር ከሁሉ በፊት የሚፈልገው የትምህርት ዓይነት ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጥ ያጣራ። «ሐይቁ ያምራል»፣ «ግንቡ ያኮራል» ማለት የትምህርት ዓይነት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ማን ይቀበለኛል? ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስጠጋ ዘመድ መፈለግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በዚህ ነጥብ አንዲት የክፍላችን እጩ መምህርት የተናገረችው ነገር አፌን አስይዞኛል። «እናንተ ስለ ሐይቅና ስለ ግንብ ትከራከራላችሁ፤ እኔ የምጠይቀው ማታ የማድርበት ቤት በሩ ይቆለፋል ወይ ብዬ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ወንዶቹ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም።

ሦስተኛ፣ ቤት ችግር ሲደርስ እንዴት እመለሳለሁ? ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎንደር ግን እጥፉ፣ 120 ያህል ይሆናል። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ምንም ነው። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ነፋስ መውጫ ለመድረስ ግማሽ ቀኑን ለሚጨርስ ሰው ግን ትርፉ መንገድ የአንድ ቀን ማደሪያ ያስወጣል። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህም መንገድ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችን በራሳችን አይተነዋል። እናቱ ታማ መድረስ ያልቻለ ሰው ያውቀዋል።

ሁለት የመንደራችንን ልጆች በምሳሌነት ላንሣ። አንዱ ጓደኞቹ ስለሄዱ ብቻ ተከትሏቸው ባሕር ዳር ገባ። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ የቀን ሥራ ያዘ። ለፋሲካ ሲመጣ ከበን «ጣና እንዴት ነው?» ብንለው «ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ» አለን። ሳይነጋ ይወጣል፣ ከመሸ ይገባል፤ ሐይቁን በየት በኩል ይየው? በላቡ የሚያድር ልጅ ነውና ሥራውን አላቃልልም። ግን የሄደው ያንን ፍለጋ አልነበረም። ሁለተኛዋ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ሄደች። ከመነሣቷ በፊት ልብስ ስፌት እንደምትማር ቆርጣ ነበር። ዛሬ የራሷ የስፌት መኪና አላት። በዚህ ጎንደር ከባሕር ዳር ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ልጅቷ ባሕር ዳር ብትሄድም ኖሮ ትሰፋ ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን ጉዳይ ለምን ያህል እንደማከብደው ልናገር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን በየካቲት ወር ትምህርቱን አቋርጠው ወደ ከተማ ሄዱ። ጎበዝ መምህር ነበሩ። ክፍልፋይን በእንጀራ ቆርሰው ያስረዱን ሰው ናቸው። ምትክ ሳይመጣ ሰኔ ደረሰ። መጽሐፉን ከግማሽ ሳናልፍ ለክልሉ ፈተና ተቀመጥን። ከእኔ ጋር ከተቀመጡት ውስጥ ስንቱ እዚያው እንደቀረ እኔ አውቃለሁ።

ኋላ፣ ለሥልጠና ወደዚህ ልመጣ ስል ጉዳይ ኖሮኝ ወረታ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ እኒያን መምህር አገኘኋቸው። ከሳ ብለዋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሊሄዱ መኪና ይጠብቃሉ፤ ያኛው አልሆነላቸውም፣ ይህኛውን ሊሞክሩ ነው። ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝና «መጽሐፉን ጨረሳችሁት እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አንቱ ካቆሙበት አላለፍንም፣ መምህር» አልኳቸው።

ዝም አሉ። እኔም ያልኩት ቆጨኝ፤ ሻይ ልጋብዝዎ ብላቸው መኪናው መጣ። እኒያን ሰው አልወቅሳቸውም። ደመወዙ አላኖራቸውም ይሆናል፣ ወይም ሌላ የማላውቀው ነገር ነበራቸው። ግን እስከ ዛሬ የማስበው አንድ ነገር አለ። ሰኔን ጠብቀው ቢሄዱ ኖሮ እሳቸው አራት ወር ያጡ ነበር፤ እኛ ያጣነው ግን ከአራት ወር በላይ ነው።

በእኔ በኩል የወሰንኩትን ልግለጽ። አባቴ «ጎንደር አጎትህ አለ፣ እዚያ ሂድ» ይለኛል፤ ምክሩን አከብራለሁ። እኔ ግን በተመደብኩበት ትምህርት ቤት በሥራ ዘመኑ አስተምሬ፣ በክረምት ባሕር ዳር ሄጄ ለመማር ነው ያሰብኩት። ምክንያቴም አካዳሚው የእኛው ሙያ ሥር ስለሆነ፣ መንገዱም ስለሚቀርበኝ ነው። ጤና ባጠና ኖሮ ጎንደርን እመርጥ ነበር። ነገ ደግሞ ዝውውር ሞልቼ ልሄድ እችላለሁ፤ አልምልም። ከሄድኩ ግን ሰኔ ላይ፣ መጽሐፉን ጨርሼ እሄዳለሁ። ይህን እዚህ ላይ የጻፍኩት ሁላችሁ እንድትመሰክሩብኝ ነው።

የመምህራኖቻችንን ምክር እንሻለን፤ እናንተም በዚሁ መታጠፊያ ያለፋችሁ ናችሁና። ከእጩ መምህራንም ሐሳቤን የሚቃወም ካለ በመኝታ ክፍል ከሚጮኽብኝ ጽፎ ከዚህ ጎን ይለጥፍ። ሰሌዳው ላይ ገና ቦታ አለ።