ቂብላን ያሳተ ኮምፓስ

ወንዝ አቅጣጫውን አይደብቅም። ዓባይ ዳር ያደገ ሰው በድቅድቅ ጨለማ እንኳ እጁን ውኃው ውስጥ ነክሮ ላዩ የት፣ ታቹ የት እንደሆነ ይናገራል፤ በጣቶቹ መካከል የሚያልፈው ፍሰት ይነግረዋልና። ሐይቅ ግን ዝም ይላል። በአራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት ነው።

የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጣለው፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት የመጀመሪያውን ውኃ የያዘው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ዓባይን ጉባ ላይ ሐይቅ አድርጎታል። ንጋት የሚል ስም የወጣለት ይህ ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኔ ግን ላነሣ የፈለግሁት አንዲት ከቡና ሲኒ የማትበልጥ ዕቃ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ቆሮሶና አምባዛ ፍለጋ የሚወጣ ታንኳ ሁሉ፣ በመቅዘፊያ የሚነዳው ጠባቡም ሳይቀር፣ ኮምፓስ ሊኖረው ይገባል እላለሁ። ኮምፓስ ብቻም አይደለም፤ ለአገራችን የሚስማማ ኮምፓስ፣ በትክክለኛው ቦታ የታሰረ ኮምፓስ።

ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ። «የጣና ሰው በደንገል ታንኳ ስንት ዘመን ሲቀዝፍ ማን ኮምፓስ ሰጠው?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የጣና ሰው ከአባት ከአያቱ የወረሰው ዕውቀት አለው። ደሴቱን በስሙ፣ ነፋሱን በሰዓቱ ያውቀዋል። የንጋት ደሴቶች ግን ትናንት የተራራ ጫፍ ነበሩ። ዳርቻው ከክረምት ክረምት፣ ከበጋ በጋ ይሸሻል፤ ይመለሳል። በኅዳር ምልክት ያደረጉትን ዛፍ በግንቦት ሲፈልጉት ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ያገኙታል። በዚያ ላይ በበጋ የሣሩ ቃጠሎ ጭስና ከሱዳን በኩል የሚመጣው አቧራ ተደባልቀው ሲወርዱ ዓይን ከመቶ ሜትር በላይ አያይም። የሸለቆውን ጥግ ሁሉ ያውቁ የነበሩት የጉሙዝና የበርታ አዛውንት እንኳ የሚያውቁት ሸለቆ አሁን ከታንኳው ሥር ነው ያለው።

«ስልክ አለ» የሚሉኝም አሉ። ስልኩ አለ፤ ባትሪው ነው የሚያልቀው።

የእኔ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በአንድ ታኅሣሥ፣ ከአሶሳ ዞን በኩል ካለው ዳርቻ፣ ከአንድ የበርታ አዛውንት ጋር ታንኳ ላይ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ሼኽ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የአጎቴ ልጅ ከስዊድን ያመጣችልኝን ኮምፓስ ይዤ ነበር፤ ተራራ ወጪዎች የሚይዙትን ጠፍጣፋውን ዓይነት። እንደ አዋቂ ሰው ከመቀመጫዬ ፊት አሰርሁት። ከጎኑ፣ እጅ እንዲደርስበት ብዬ፣ የመንጠቆውን የቆርቆሮ ሳጥን አስቀመጥሁ። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ወረደ። ሼኹ ወደ አንድ በኩል ጠቆሙ፤ እኔ መርፌውን አይቼ ወደ ሌላ። በትሕትና ተከተሉኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግማሽ አካላቸውን ውኃ በዋጣቸው ዛፎች መካከል ነበርን፤ ሌሊቱንም አንዲት ስሟን ማንም በማያውቃት ደሴት ላይ አደርን። ስልኬ መብራት ሆኖ ሲያገለግል አምሽቶ ከእኩለ ሌሊት በፊት ጠፋ።

ጎሕ ሳይቀድ ሼኹ ተነሥተው ውዱእ አደረጉና፣ «መምህር፣ ቂብላ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ከታንኳው ሳልወርድ፣ እንደታሰረ፣ ኮምፓሱን አነበብሁላቸው። ከእኛ አገር መካ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 23 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ይህን አውቀዋለሁ፤ በእጄ ጠቆምሁ፤ ወደ ጠቆምሁበት ዞረው ሰገዱ። ከዚያ ጭጋጉን ሰንጥቃ ፀሐይ ወጣች። በታኅሣሥ ወደ መካ የዞረ ሰው ፀሐይ በቀኝ ትከሻው ልክ ትወጣለታለች። የሼኹ ፀሐይ ግን ወደ ፊታቸው ቀርባ ወጣች። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያም ሳይቆጡ፣ «መምህር፣ ይህ ነገርህ ቂብላን አያውቅም» አሉኝ።

መንገዳችንን በፀሐይ መርተው ወደ ዳርቻው ያደረሱኝ እርሳቸው ናቸው። የቆርቆሮ ሳጥኑን ከታንኳው ሳወርደው መርፌው አርባ ዲግሪ ያህል ተመልሶ ዞረ። አርባ! አሥር ዲግሪ ብቻ የተሳሳተ ሰው እንኳ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲቀዝፍ ካሰበበት ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይገኛል።

ጥፋቴ ግን አንድ ብቻ አልነበረም። ሳጥኑ ከተነሣ በኋላም የመርፌው አንድ ጫፍ ወደ ታች አዘንብሎ ወለሉን ይፍቅ፣ እየተያዘ ይቆም ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የምድር መግነጢስ መርፌን ወደ ሰሜን መሳብ ብቻ ሳይሆን ወደ መሬትም ይስበዋል፤ በሰሜን አውሮፓ ይህ ዝንባሌ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ለዚያ አገር የሚሠራ መርፌ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ደቡባዊ ጫፉ ይከብዳል። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው፣ መርፌ ጨርሶ የማያዘነብልበት መስመር፣ ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር ያልፋል። ከባዱ ጫፍ እዚህ ሲመጣ የሚመክተው የለምና ይወድቃል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ዕውቀት አይደለም። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፒየር ጉዋን አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲያቋቁሙ፣ ከተማይቱ ከተመረጠችበት ምክንያት አንዱ ለዚሁ መስመር መቅረቧ ነበር። ዓለም ሊለካው የመጣበትን ነገር እኛ ኮምፓስ ስንገዛ አንጠይቅም።

እንግዲህ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ለየትኛው የምድር ክፍል የተመዘነ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ ካላወቀ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠውና ይይ፤ መርፌው ወይም ክቡ ሰሌዳ ካዘነበለ ይተወው። ለታንኳ የሚሻለው ጉልላት መሳይ ክዳን ያለው፣ በፈሳሽ የተሞላና ሰሌዳው ሰፊ የሆነው ነው፤ ታንኳው ሲወዛወዝ እርሱ ቀጥ ብሎ ይቆማልና። በፈሳሹ ውስጥ ትልቅ የአየር አረፋ ከታየ አይገዛም። ከመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ርካሹን ዓይነት ታንኳ ላይ አይቻለሁ፤ ከጌጥነት አያልፍም።

ማሰሪያው ቦታ ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ከቀዛፊው ፊት፣ አንገት ሳይደፋ በሚነበብበት ርቀት፣ በታንኳው መሐል መስመር ላይ ይሁን። በሰሌዳው ፊት ያለችው የንባብ መስመር ከታንኳው ቁመት ጋር ትተካከል፤ ለዚህ ከአፍንጫው እስከ ኋላው ክር መወጠር ይበቃል። ብሎኑ የናስ ይሁን። ገጀራ፣ መልሕቅ፣ የመንጠቆ ሳጥን፣ ሬዲዮና ስልክ ከአንድ ሜትር ወዲህ አይቅረቡት፤ ስልክም ሬዲዮም በድምፅ ማጉያቸው ውስጥ መግነጢስ አላቸው። የመረቡ እርሳስ ግን ምንም አያደርገውም። አንድ ወጣት አጥማጅ ይህን ብነግረው እርሳሱን ሁሉ አውጥቶ ሊጥል ደርሶ ነበርና ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በኋላ ፈተና አለ። ታንኳውን ከነሙሉ ጭነቱ ዳርቻው አጠገብ አቁሞ፣ ወደሚታወቅ ኮረብታ አቅንቶ ማንበብ፤ ከዚያ ጀርባውን አዙሮ እንደገና ማንበብ። ልዩነቱ 180 ካልሆነ ከጭነቱ አንዱ እየዋሸ ነው፤ እየተነሣ ይፈተሽ። ሲወጡ ያነበቡትን ቁጥር መያዝ፣ ለመመለስ 180 መጨመር ወይም መቀነስ፤ የማይጽፍ አጥማጅ እንኳ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በሁለት ቀለም ምልክት ሊያደርገው ይችላል።

ወጣቶች ለዓሣ ሥራ ሲደራጁ መረብና ጀልባ ይታሰብላቸዋል፤ ማቀዝቀዣም ይጠየቅላቸዋል። በዝርዝሩ ላይ ኮምፓስ የሚል መስመር ይጨመር፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ትምህርትም አብሮት። እኔ አንድ ሌሊት በብርድና በእፍረት ብቻ ነው የከፈልሁት፤ ያ ሌሊት ማዕበል አልነበረውም።

ሁለተኛውን ኮምፓስ ገዝቼ ለሼኹ ወሰድሁላቸው። ሳጥኑ ወደ ታንኳው ኋላ ተወሰደ፤ ክሩ ተወጠረ፤ ብሎኑ ታሰረ። የቂብላን ምልክት ቀይ ቀለም ልቀባላቸው ስዘጋጅ 23 ላይ ሳይሆን 20 ላይ መሆን እንዳለበት አስረዳኋቸው፤ በእኛ አካባቢ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን ሦስት ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያፈነግጣልና። አዳመጡኝ። ቀለሙን ግን ከእጄ ተቀበሉና፣ «ቆይ መምህር፣ መጀመሪያ ፀሐይ ትውጣ» አሉኝ።