«ጨጓራ ነው» ማለት ይብቃን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይሁን እንጂ በደባርቅና በዳባት፣ በሰሜን ተራሮችም ግርጌ፣ ሆዱን ያመመው አባት «ጨጓራ ነው» ብሎ ተልባ ጠጥቶ ዝም ሲል እናያለን።

የዛሬው ሕክምና የጨጓራን ካንሰር ሆድን በሰፊው ሳይቀድ፣ በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ ቈርጦ ማውጣት ችሏል። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመሩት ጃፓናዊው ሐኪም ኪታኖና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ቍስሉ ትንሽ ስለሆነ ሕመምተኛው ፈጥኖ ይነሣል። እኛ ወጣቶችም ይህን ስንሰማ «መሣሪያው ለኛም ይምጣልን» እንላለን። ምኞቱ አይነቀፍም። ነገር ግን ጃፓን ሕዝቧን ለዚሁ በሽታ በአገር አቀፍ ደረጃ መመርመር የጀመረችው በ1983፣ ማለት ስምንት ዓመት ቀድማ መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል። ትንሹ ቀዳዳ በመጀመሪያ የጠቀመው በሽታው በጊዜ ለተገኘለት ሰው ነውና።

ስለዚህ ሰውነቱ የከሳ፣ ጥቂት ጐርሶ የሚጠግብ፣ የሚያስመልሰው ወይም ዓይነ ምድሩ የጠቈረ ሰው ሲያጋጥመን «እግዜር ይማርህ» ብሎ መሸኘት አይበቃም። በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ማለት በኤንዶስኮፒ፣ ጨጓራው ሊታይለት ይገባል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአዝመራ ወራት ግን ለገበሬ ከዚህም ይረዝምበታል። በየጽሕፈት ቤቱ የተቀመጥን እኛ የመላኪያ ወረቀቱንና የጤና መድኅን መታወቂያውን ሳናጓትት ብንሰጠው መንገዱን እናሳጥርለታለን።

ለበዓል አገር ቤት ስንገባም ከሰላምታው ቀጥሎ «አባባ፣ ጨጓራዎን ታይተዋል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።