ደን በአጥር ብቻ አይጠበቅም

በክረምት ከዝናብ በኋላ ከዛፍ ሥር ብቅ የሚለውን እንጉዳይ ስናይ ብዙዎቻችን «የጅብ ጥላ» ብለን በእግራችን ገፋ አድርገን እናልፋለን። ይበላል ወይስ ይገድላል ብለን ከመጠየቅ በቀር ስለ እርሱ የምናስበው ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ ገጽ ስለ አንድ የዱር እንጉዳይ መመናመን ስንጽፍ «የተማሪዎች ማኅበር ስለ እንጉዳይ ምን አገባው?» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው ታግሠው ያንብቡንና ይፍረዱን።

እንጉዳዩ ማትሱታኬ ይባላል። የሚበቅለው በጃፓን፣ በኮርያ፣ በቻይናና በቡታን፣ እንዲሁም በሰሜን አውሮፓ ደኖች ውስጥ ነው። ጃፓኖች ሽታውን የመኸር ብሥራት አድርገው ይወዱታል፤ ለሚያከብሩትም ሰው በስጦታ ይልኩታል። ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ምክንያቱም እንደ ጎመን በመደብ ዘርቶ ለገበያ የሚያደርሰው ገበሬ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ማትሱታኬ የሚኖረው ሕይወት ካለው ዛፍ ሥር ጋር ተጣምሮ ነው። እርሱ ከአፈር ውኃና ማዕድን ስቦ ለዛፉ ይሰጣል፤ ዛፉም በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። በጃፓን ዋናው ባልንጀራው ቀይ ፓይን የሚባለው ዛፍ ነው፤ ዛፉ ሲሞት እንጉዳዩም ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ1941 ጃፓን 12,000 ቶን ያህል ማትሱታኬ ከደኖቿ ለቅማ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን 100 ቶን መሙላት እንኳ አቅቷታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን እንጉዳይ በቀይ መዝገቡ ላይ «ለአደጋ የተጋለጠ» ሲል አሰፈረው።

ጥፋቱ የማን ነው? ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው መልስ «የለቃሚው ስግብግብነት» የሚል ነው። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ያልጎለመሰውን መንቀልና አፈሩን መቆፈር እንጉዳዩን ይጎዳዋል። በጃፓን የሆነውን ስንመረምር ግን ከዚህ የከበዱ ሁለት ምክንያቶች እናገኛለን።

አንደኛው ከሰሜን አሜሪካ የገባ እጅግ ደቃቅ ትል ነው። ይህን ትል ጥንዚዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተሸከመ በ20ኛው መቶ ዓመት ሰፊውን የፓይን ደን አደረቀው።

ሁለተኛው ምክንያት እኛን ያስደነቀን ነው። ከጥንት ጀምሮ የጃፓን ገበሬ ከመንደሩ ዳር ካለው ደን ማገዶ ይቆርጥ፣ የወደቀውንም ቅጠል ጠርጎ ለእርሻው ማዳበሪያ ያደርግ ነበር። በዚህም የተነሣ የደኑ አፈር ስስ፣ ውስጡም ብርሃን የሚገባበት ሆኖ ኖረ፤ ቀይ ፓይንና ማትሱታኬ የሚወዱትም ይህንኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ጋዝና የፋብሪካ ማዳበሪያ መጣ፤ ወጣቱም ወደ ከተማ ጐረፈ። ደኑን የሚጠርግ ጠፋ፤ ቅጠሉ ተከመረ፤ ሌሎች ዛፎች ፓይኑን ሸፈኑት፤ እንጉዳዩም ከብዙ ቦታ ጠፋ። ዛሬ በኪዮቶ አካባቢ ፈቃደኞች ወደ ተተወው ደን ተመልሰው ይመነጥራሉ፣ ቅጠል ይጠርጋሉ።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። ይህን እንጉዳይ የጎዳው የሰው ወደ ደን መግባት ብቻ አይደለም፤ የሰው ከደን መውጣትም ጎድቶታል። እኛ ግን የደን ጥበቃ ሲባል ወዲያው የሚታየን አጥር፣ ዘበኛና «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ነው። ደን ሁሉ ይመንጠር ማለታችን አይደለም፤ የሰው እጅ ጨርሶ ሊደርስበት የማይገባ ደን መኖሩን እናምናለን። የምንለው፣ ከመከልከል በፊት ደኑ ከሰው ጋር እንዴት እንደ ኖረ ይጠየቅ ነው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ አባቶቻችን። በሰሜን ኢትዮጵያ ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቆመው ነው። ይህን ደን ያቆየው ከካቡ ይልቅ የአካባቢው ሰው አክብሮት መሆኑን ማን ይክዳል? ባለቤቱ የተናቀበት አጥር ግን ውሎ አያድርም።

ሌላም ቅሬታ አለን። በትምህርታችን ተፈጥሮ ማለት «እንስሳትና ዕፅዋት» ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ እንጉዳይ ግን ከሁለቱም አይደለም። ስም ከተሰጣቸው ከ150,000 የሚበልጡ የፈንገስ ዓይነቶች መካከል እስከ እ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ተመርምረው በቀይ መዝገቡ የገቡት 1,300 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም 411ዱ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ሆነው ተገኙ። ያልተቈጠረ ነገር ሲጠፋ የሚያለቅስለት የለም።

ስለዚህ መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው፣ ለጥናት ወደ ደን ስንወጣ እንጉዳዩም በመዝገባችን እንዲገባ ነው። ተማሪ ጓደኞቻችንንም እንለምናለን፤ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ሽማግሌዎችንና ማገዶ ለቃሚ እናቶችን ስለ እንጉዳይ ስም፣ ቦታና ወቅት ጠይቀን እንጻፍ። ነገ ከመካከላችን የደን ደንብ የሚያረቅ ይኖራል። ያ ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ደኑን በእግሩ የረገጠ፣ የደኑንም ጎረቤት ያዳመጠ ይሁን።