ስኳሩ ይለካል፣ እንቅልፉ ግን አይጠየቅም

«ስኳር ተገኝቶብሃል» የተባለ ሰው ከጤና ተቋም ሲወጣ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው የታወቀ ነው። ጣፋጭ ተው፣ ለስላሳ መጠጥ አትቅመስ፣ በእግርህ ተንቀሳቀስ፣ ሜትፎርሚንህን ሳታቋርጥ ውሰድ፣ ቀጠሮህን አትርሳ። ምክሩ ትክክል ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ ይጎድላል፦ «ሌሊት እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ያንኮራፋሉ?»

በአገራችን ማንኮራፋት ወይ መሳቂያ ነው፣ ወይ የጥሩ እንቅልፍ ምልክት። ሰውየው ቤቱን እስኪያናጋ ሲያንኮራፋ «እንቅልፉ ጣፍጦታል» ይባላል። ሚስት ትራሷን ይዛ ወደ ልጆቹ ክፍል ትሄዳለች፤ ጠዋት በቡና ሰዓት ይሳቅበታል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህ ለሐኪም የሚነገር ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ከሐኪሙም በኩል ጥያቄው ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ዝምታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከአንዳንድ ኩርፊያ ጀርባ ስሊፕ አፕኒያ የሚባል ሕመም አለ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፤ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይዘጋል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን በከፊል ያነቃዋል፤ እሱም ትን እንዳለው ሰው አየር ስቦ መልሶ ያንኮራፋል። ይህ በሰዓት ከ5 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ሕመም ነው ይባላል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው። ከባድ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በአንድ ሌሊት ከ200 ጊዜ በላይ ታንቆ ሊያድር ይችላል። ጠዋት ግን አንዱንም አያስታውሰውም።

ይህ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው? በእያንዳንዱ መታነቅ ሰውነት የአደጋ ጊዜ ሆርሞኖችን ይረጫል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያዛሉ፤ ኢንሱሊንም ሥራውን በቅጡ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ይህ ደግሞ የዓይነት ሁለት ስኳር ዋናው ችግር ነው። በሌላ በኩል ውፍረት፣ በተለይ በአንገትና በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ ለሁለቱም ሕመሞች በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደትና ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን 306 ሰዎች በእንቅልፍ ላይ ሳሉ መርምሮ ከ86 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስሊፕ አፕኒያ እንዳለባቸው አረጋግጧል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም ከዚያ በፊት፣ በ2008፣ ሁለቱ ሕመሞች አንድ ላይ እንዲታዩ፣ አንዱ ያለበት ሰው ለሌላውም እንዲጠየቅ መክሯል። ምክሩ ከተሰጠ ብዙ ዓመት አልፎታል።

ነገሩን የሚያባብሰው አንዱ ሕመም ሌላውን የሚደብቅ መሆኑ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ይደክመዋል፤ የስሊፕ አፕኒያ ሕመምተኛም ይደክመዋል። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ሌሊት ለሽንት ይነሳል፤ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰውም እንዲሁ ይነሳል፤ ልቡ ላይ የሚፈጠረው ጫና ኩላሊቱን ሽንት እንዲያበዛ ስለሚያደርገው ነው። የአፍ መድረቅም በሁለቱም አለ። ስለዚህ ሐኪሙም ታካሚውም ሁሉንም ነገር «ስኳሩ ነው» ብለው ያልፉታል።

የሚከተለውን እንበል። የ48 ዓመት ጎልማሳ ከ6 ወር በፊት ስኳር እንዳለበት ተነግሮታል። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ለምዷል፤ እንጀራውን ቀንሷል፤ መድኃኒቱን አያቋርጥም። የጠዋቱ ልኬት ግን እየወረደ ይመጣና ይቆማል። በቀጠሮው ቀን «ደብቀህ የምትበላው ነገር አለ» ይባላል። ቤተሰቡም በዓይኑ ይከታተለዋል። እሱ ደግሞ ቀን ቀን ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል፤ «ሰነፍ» የሚል ስም ተጨምሮለታል። ለጠዋት ስኳር መጨመር ሌሎች ምክንያቶች መኖራቸው እሙን ነው። ነገር ግን አንድም ሰው ስለ ሌሊቱ ሳይጠይቀው በሰውየው ላይ መፍረድ ሕክምና አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረቱ። ይህ ሰው ግን አልደበቀም፤ ተኝቶ ስለነበር አያውቅም። የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም።

ሳይጠይቁ መድኃኒት መጨመርም የራሱ አደጋ አለው። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ክብደት ደግሞ አፕኒያውን ያከብደዋል። እነዚሁ መድኃኒቶች ሌሊት ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርዱም ይችላሉ፤ ያኔ የሚመጣው ላብ፣ ቅዠትና የጠዋት ራስ ምታት ከአፕኒያ ምልክቶች ጋር ይመሳሰላል። ለይቶ የሚያውቀው ሌሊት ስኳሩን የለካና እንቅልፉን የጠየቀ ብቻ ነው።

«መሣሪያው በሌለበት መጠየቁ ምን ይፈይዳል?» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባለው፣ በጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም ይፋ ያደረጉት ሲሆን ዛሬም ለብዙ ቤተሰብ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። መብራት ይፈልጋል። ከፍታም ጉዳይ ነው፤ የአንዳንድ የታወቁ መሣሪያዎች መመሪያ እስከ 2,591 ሜትር ድረስ እንደሚሠሩ ይገልጻል፤ ደብረ ብርሃን ግን ከዚያ በላይ ናት። ውጭ ያለ ዘመድ ያገለገለ መሣሪያ ቢልክ ደግሞ መጣራት ያለበት ነገር አለ፦ ፊሊፕስ በሰኔ 2021 በውስጣቸው ያለው የድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ ሊፈረፍርና ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል በሚል ስጋት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን ከገበያ ጠርቷል። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ጥያቄውን ከመጠየቅ ግን አያግድም። መጀመሪያ ነገር፣ መጠየቅ ነፃ ነው። በቶሮንቶ ፍራንሲስ ቹንግ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2008 ያወጡት መጠይቅ ስምንት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ሰው ያየው የትንፋሽ መቆም፣ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ ውፍረት፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አንገት፣ ወንድ መሆን። ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ነገሩ ሊመረመር ይገባዋል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ቀጭን ነኝ ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም፤ የመንጋጋና የጉሮሮ አፈጣጠር ብቻውን ለአፕኒያ ሊዳርግ ይችላል። ሴቶችም፣ በተለይ ከማረጥ በኋላ፣ ነፃ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ከመሣሪያው በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ክብደት መቀነስ ሁለቱንም ሕመሞች በአንድ ጊዜ ይመታል። በጎን መተኛት ብዙዎችን ይረዳል። ማታ የሚጠጣ አረቄና ቢራ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚዋጥ የእንቅልፍ ኪኒን የጉሮሮን ጡንቻ የበለጠ ያላላሉ። ጫት ደግሞ እንቅልፉን ራሱን ያባርራል። ለስኳር ሲባል የሚሰጠው ምክር ላይ እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች መጨመር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሦስተኛው ምክንያት ከሰውየው ቤት አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል። ሕክምና ያላገኘ ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሹፌር መሪ ላይ ሊያንቀላፋ ይችላል። ሙሉ ቀን ተቀምጦ የሚውል፣ ባገኘበት ሰዓት የሚበላ፣ ሌሊት የሚነዳ ሰው ለስኳርም ለአፕኒያም የተጋለጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው መመሪያ መካከለኛና ከባድ አፕኒያ ያለበት ሰው ሕመሙ በቁጥጥር ሥር መሆኑ ሳይረጋገጥ መንጃ ፈቃድ እንዳይሰጠው ደንግጓል። አሜሪካ ተመሳሳይ ደንብ ልታወጣ ጀምራ በ2017 ትታዋለች፤ እንዲያም ሆኖ የከባድ መኪና ሹፌሮችን የሚመረምሩ ሐኪሞች የጠረጠሩትን ሰው ወደ እንቅልፍ ምርመራ ይልካሉ። እዚያ የጭነት መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ያውቁታል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሌሊቱን ጭነት የሚያመላልሰው ወንድማቸውስ «ታንኮራፋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አለ?

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። ሲፓፕ የስኳር መድኃኒት አይደለም። መሣሪያው የቀን እንቅልፍን እንደሚያስወግድና የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚያወርድ በደንብ ታውቋል፤ የሦስት ወሩን የስኳር ልኬት ስለ ማሻሻሉ ግን ጥናቶች አልተስማሙም። በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቲርዜፓታይድ የተባለውን፣ ለስኳርም ለክብደትም የሚያገለግለውን መርፌ ውፍረትና አፕኒያ ላለባቸው ሰዎች ፈቅዷል፤ ይህም ሁለቱ ሕመሞች ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ያሳያል። ዋጋው ግን ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ «መሣሪያ ካገኘሁ ሜትፎርሚኔን እተዋለሁ» የሚል ሰው ይሳሳታል። «ስኳሬ ከተስተካከለ ኩርፊያው ይተወኛል» ብሎ የሚጠብቅም እንዲሁ። ሁለቱም ክትትል ይፈልጋሉ።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። በስኳር ክትትል ካርድ ላይ ክብደትና ግፊት እንደሚጻፍ ሁሉ የእንቅልፍ መስመር ይጨመር። ታካሚው በመጀመሪያው ቀጠሮ አብሮት የሚያድረውን ሰው ይዞ እንዲመጣ ይነገረው፤ ካልተቻለም ሌሊት በስልክ የተቀረጸ ድምፅ ይምጣ። ቀረጻው ምርመራውን አይተካም፤ ሐኪሙን ግን ያነቃዋል። ቤት ተወስዶ የሚታደርበት አነስተኛ መመርመሪያ ከሙሉ የእንቅልፍ ላቦራቶሪ በጣም ይረክሳል፤ ትልልቅ ሆስፒታሎች ጥቂቶቹን ቢይዙ ብዙ ሰው ይደርሳቸዋል። የሕዝብና የጭነት መኪና ሹፌሮች የጤና ምርመራ ላይ ስምንቱ ጥያቄዎች ይግቡ፤ ያመነ ሹፌር ሥራውን ተነጥቆ እንዳይቀጣ ግን የሕክምና ዕድል ይቅደም። አለዚያ ሁሉም «አላንኮራፋም» ማለቱ አይቀርም።

ስኳር እንዳለበት ገና የተነገረው ሰው ብዙ ነገር ተከልክሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲቆጣጠር ይውላል፤ ሌሊቱን የሚቆጣጠርለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ዛሬ ማታ አጠገቡ ያለው ሰው ኩርፊያው ድንገት ጸጥ ሲል «እፎይ» ብሎ ከመተኛቱ በፊት ጆሮውን ሰጥቶ እስከ አሥር ይቁጠር። ትንፋሹ ካልተመለሰ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ መናገር ያለበት እሱ ነው።