ሻርሎት ሉካስ ምን በደለች?

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1813 ዓ.ም. ያሳተመችውን «ኩራትና ጭፍን ግምት» የተባለ ልብ ወለድ ካነበቡት ብዙዎቹ ኤልሳቤጥን ያመሰግናሉ፤ ወዳጅዋን ሻርሎት ሉካስን ግን ለኑሮ ስትል ራስዋን የሸጠች ናት ብለው ይነቅፋሉ። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

ሻርሎት 27 ዓመት የሞላት፥ መልክዋ ያላማረ፥ ይዛው የምትገባው ሀብትም እምብዛም የሌላት ልጅ ናት። ኮሊንስ የተባለውን ቄስ ሞኝነቱን እያወቀች አገባችው፤ የፈለገችውም የተደላደለ ቤት ብቻ መሆኑን ለኤልሳቤጥ ሳትሸሽግ ነገረቻት።

«ኤልሳቤጥስ ይህንኑ ሰው እንቢ ብላው የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የአባትዋ ርስት ለወንድ ወራሽ ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ስለ ነበረ፥ አባትዋ ሲሞቱ ቤቱን የሚወርሰው ያው ኮሊንስ ነበር። ደራሲዋ በዓመት 10,000 ፓውንድ የሚያገባውን ዳርሲን ባታመጣላት ኖሮ፥ ዛሬ ድፍረትዋን የሚያመሰግነው አፍ ነገ ሞኝነት ባለው ነበር።

ያለ ፍቅር መጋባት መልካም ነው አንልም። የምንለው፥ ነቀፌታው ለዘመኑ ሕግና ልማድ ይሁን ነው። ሴትን ልጅ ከርስትም ከሹመትም ከልክሎ ሲያበቃ «ስለ ምን ለእንጀራ አገባሽ?» ብሎ መውቀስ በሰው ቍስል እንጨት መስደድ ነው። እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፥ በሻርሎት ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት፥ ከአንዱ በር በቀር ሌላውን ሁሉ የዘጉባትን ሰዎች ተመልከቱ።