ለንግሥተ ሳባ ልብስ የሰፋላት ማን ነው?

ልብስ ለሰው የተሰጠው ገላውን ከብርድና ከኀፍረት ይሸፍንበት ዘንድ ብቻ አይደለም። የለበሰው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ከማን እንደ ተወለደ፣ በማን ፊት እንደ ቆመ፣ አፉ ሳይናገር ልብሱ ይናገራል። ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰውን ሰው አይቶ «ሐዘን ደርሶብሃልን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መስቀለኛ አጣፍቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የቆመውንም አይቶ ለምን እንደ መጣ የሚመረምር የለም። እንግዲህ ልብስ ምስክር ነው። ምስክርም እንደ መሆኑ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

በዓለም ላይ ይህን ምስክር ለብዙ ሕዝብ ዓይን ያቀረበች የአሜሪካ የሲኒማ መንደር ሆሊውድ ናት። ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሺሺንዳ፣ በካፋ ደንና ዝናም መካከል ያለች ከተማ፣ ከዚያች መንደር እጅግ የራቀች ትመስላለች። ስለዚህም «የሆሊውድ ልብስ ሰፊ ያደረገው ነገር ለሺሺንዳ ሰው ምን ይጎዳዋል፣ ምንስ ይጠቅመዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን ነገሩ በደንብ ሲመረመር የሺሺንዳን ሰው ከማንም ይልቅ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከንግሥተ ሳባ ይጀምራል። ይህችን ንግሥት መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ10ኛው ምዕራፍ ያነሣታል፤ ክብረ ነገሥትም ማክዳ ብሎ ታሪኳን በሰፊው ይተርካል። ጥበብን ፈልጋ ሩቅ መንገድ የሄደች፣ ንጉሥ ሰሎሞንን በከባድ ጥያቄ የፈተነች ሴት ናት። ሆሊውድ ግን በ1921 ታሪኳን በፊልም ባወጣች ጊዜ ቤቲ ብላይዝ የምትባለውን ተዋናይት በዶቃ ክርና እንደ ሸረሪት ድር በሳሳ ጨርቅ አቅርባ «ንግሥተ ሳባ ይህች ናት» አለች። የተሸፈነው ገላዋ ካልተሸፈነው ያንስ ነበር። የፊልሙ ባለቤት ፎክስ የተባለው ኩባንያ በኒው ጀርዚ ያለው የፊልም ማኖሪያው በ1937 ተቃጥሎበት ብዙ ሥራዎቹ ጠፉ፤ ዛሬም ከዚህ ፊልም የተረፈው ጥቂት ቁራጭና ፎቶግራፍ ነው። ፊልሙ ጠፋ፤ በፎቶግራፉ የታየችው ንግሥት ግን በሰው አሳብ ቀረች።

በ1959 ደግሞ ኪንግ ቪዶር የተባለው አዘጋጅ «ሰሎሞንና ሳባ» የሚለውን ፊልም በስፔን ሀገር አሠራ። ሰሎሞንን መስሎ እንዲጫወት የተመረጠው ታይሮን ፓወር በ1958 በማድሪድ በሥራው ላይ ሳለ ስለ ሞተ ዩል ብሪነር ተተካ። ንግሥቲቱን መስላ የተጫወተችው ኢጣልያዊቱ ጂና ሎሎብሪጂዳ ናት። የኢጣልያ ጦር ከአዲስ አበባ ከተባረረ ገና 18 ዓመት ነበረ። ተዋናይቱ በዚህ የምትወቀስ አይደለችም፤ የተሰጣትን ሥራ ሠርታለች። የሚወቀሰው ለጥበብ የተጓዘችውን ሴት ከግብፅ ፈርዖን ጋር ተማክራ ንጉሡን ለማሳት የመጣች፣ በጣዖት በዓል ገላዋን ገልጣ የምትጨፍር ሴት ያደረጋት አሳብ ነው። ስለ ንግሥቲቱ ሀገር ኢትዮጵያም የመንም የየራሳቸው ቃል አላቸው፤ በዚያ ፊልም የለበሰችው ልብስ ግን የሁለቱንም አይመስልም።

ይህን የሰማ ካህን ወይም ጨዋ ሰው ወዲያውኑ የሚናገረው ስለ ዕራቁትነቱ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም የተሰጠው ያለ ነገር አልነበረምና። ነገር ግን የጨርቅን እጥረትና ርዝመት ብቻ መለካት ፍርድን ያጎድላል። ለዚህም ራስዋ ሆሊውድ ምስክር ናት። በ1930 የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች የምግባር ደንብ አወጡ፤ ከአርቃቂዎቹም አንዱ ዳንኤል ሎርድ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ። ደንቡ ከ1934 ጀምሮ ጠንክሮ ተሠራበት፤ እስከ 1968ም ቆየ። በዚያ ዘመን ተቈጣጣሪዎች የተዋናይቱን ደረትና ጉልበት በዓይናቸው እየለኩ ይፈቅዱና ይከለክሉ ነበር። ያው ደንብ ግን የነጭና የጥቁር ሰው ፍቅር በፊልም እንዳይታይ ከለከለ። ልብሱ የማን ነው፣ የለበሰው ሰው በእውነት እንዲህ ነበረን ብሎ የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ አልነበረበትም። ጨርቁ ረዘመ፤ ሐሰቱ ግን አላጠረም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በ1939 የወጣው «ነፋስ ይዞት ሄደ» የሚለው ፊልም ነው። ዋልተር ፕላንኬት የተባለው ልብስ ሠሪ ለቪቪያን ሊ ከአረንጓዴ መጋረጃ የተሰፋ የሚመስል ቀሚስ ሠራላት፤ በጦርነት የደኸየች እመቤት ድኽነቷን የምትሸፍንበት ልብስ ነው። ይህ ቀሚስ እስከ ዛሬ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት በጥንቃቄ ይጠበቃል። በዚያው ፊልም ሃቲ ማክዳንኤል የባርያ ሞግዚት ሆና በሻሽና በሽርጥ ተጫወተች። ችሎታዋም እጅግ ከፍ ያለ ስለ ነበረ በ1940 የአካዳሚውን ሽልማት ተቀበለች፤ ከጥቁር ሕዝብ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሰው ሆነች። ነገር ግን በሽልማቱ ሌሊት ከጓደኞቿ ተለይታ በግድግዳ አጠገብ ባለ ትንሽ ገበታ ተቀመጠች፤ ሆቴሉ ጥቁሮችን አያስገባም ነበርና። ልብሷ ጨዋ ነበረ፤ ከአንገት እስከ እግር የተሸፈነ ነበረ። ነገር ግን ሽርጡ በፊልሙ ብቻ ሳይቀር እስከ ማዕዱ ድረስ ተከተላት። ከዚህ ዘንድ ዕራቁትነት የሌለበትም ልብስ ሰውን ሊያዋርድ እንደሚችል ይታወቃል።

ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ሆሊውድ የምትመሰገንበትም ነገር አለ። ልብስ ሰፊውን እንደ ተራ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ባለ ጥበብ ቈጥራለች። አካዳሚው ሽልማት መስጠት የጀመረው በ1929 ነው፤ ለልብስ ሥራ ግን ሽልማት የተሰጠው ከ20 ዓመት በኋላ በ1949 ነው። ከዚያ ወዲህ ኢዲት ሄድ የተባለችው ሴት ብቻዋን 8 ጊዜ ተሸልማለች። ዳሩ ግን በዚህም ውስጥ ጉድለት አልታጣም፤ በ1954 በወጣው «ሳብሪና» በተባለው ፊልም ኦድሪ ሄፕበርን የለበሰቻቸውን ያማሩ ልብሶች የሠራው ፈረንሳዊው ዢቫንሺ ሆኖ ሳለ ስሙ በፊልሙ አልተጻፈም፤ ሽልማቱንም የተቀበለችው ኢዲት ሄድ ናት። የፓሪስ ዝነኛ ሰፊ ስሙ ከተዘነጋ፣ ስም የሌላት የገጠር ፈታይማ እንዴት ትታወሳለች?

በቅርቡ ዘመንም ነገሩ አልተፈጸመም። በ2018 የወጣው «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም የአፍሪካን አለባበስ በክብር ስላሳየ ልብስ ሠሪዋ ሩት ካርተር በ2019 ተሸለመች፤ በዚህ ሙያ የተሸለመች የመጀመሪያይቱ ጥቁር ሴት እርስዋ ናት። ደስታው ተገቢ ነበረ። ሆኖም በዚያው ፊልም አንድ ሽማግሌ በታችኛው ከንፈሩ ክብ ገበታ አግብቶ ይታያል። ከሺሺንዳ ወደ ደቡብ በሚገኘው በሱርማና በሙርሲ ሕዝብ ዘንድ ግን ይህ ጌጥ የሴቶች ነው። በወዳጅነት የተሠራ ሥራ እንኳ ባለቤቱ ካልተጠየቀ የሴትን ጌጥ ለወንድ ይሰጣል።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ኢትዮጵያዊ በሆሊውድ ላይ ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ተረት ግን የሚነገረው እንዲህ ላለው ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች አንዲት ተወዛዋዥ በአንድ ምሽት አምስትና ስድስት ጊዜ ልብስ እየለወጠች የአምስትና የስድስት ሕዝብ ልጅ ትሆናለች። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በደረሰ ጊዜም ብዙ ጊዜ አንዱ ጨርቅ በአንዱ አስፋፍ ይሰፋና ቀለሙ ብቻ እየተለወጠ ይህ የእገሌ፣ ይህ የእገሌ ሕዝብ ልብስ ነው ይባላል። ስለ ንግሥተ ሳባ የሚቈጣው ያው ሰው ይህን አይቶ ያጨበጭባል። ሆሊውድ በማክዳ ላይ ያደረገችውን እርሱ በካፋ ላይ ማድረጉን ልብ አይለውም።

ካፋ የሌላ ሰው ልብስ የሚዋሰው ሀገር አይደለም። እስከ 1897 ድረስ ታቶ በሚባል በገዛ ንጉሡ ይተዳደር ነበረ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በዚያ ዓመት በዳግማዊ ምኒልክ ጦር እስኪያዝ ድረስ ለሀገሩ ታግሏል። ፍሪድሪኽ ቢበር የተባለው የኦስትሪያ ሰው በ1905 ወደ ካፋ መጥቶ ያየውንና የሰማውን ሰብስቦ በ1920ና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳትሟል። እንግዲህ «መረጃ አጣሁ» ብሎ የሚያመካኝ ልብስ ሰፊ ምክንያቱ ቀላል ነው። የተጻፈ አለ፤ ከተጻፈውም ይልቅ አያቷ የለበሰችውን የምታስታውስ አሮጊት በሺሺንዳ ገበያ ቅቤና ቡና ይዛ ተቀምጣ ትገኛለች። የጠፋው መረጃ አይደለም፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ቴአትርና ፊልም ጨዋታ ነው፤ በጨዋታ እንዲህ መጨነቅ አይገባም» ይላሉ። መልሱ ከላይ በተነሣው በዚያው በመጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ ይገኛል። ንግሥተ ሳባ የሰሎሞንን ቤት ባየች ጊዜ ካስደነቋት ነገሮች አንዱ የአገልጋዮቹ አለባበስ እንደ ነበረ መጽሐፉ ይናገራል። ያች ጠቢብ ሴት የንጉሥን ጥበብ በአገልጋይ ልብስ ላይ አየች። የአገልጋዮቹን ልብስ ያስተዋለች ንግሥት የእርስዋን ልብስ የሚያስተውልላት አላገኘችም።

ሌሎችም «እውነተኛውን ልብስ ለማሠራት ገንዘብ የለም» ይላሉ። ይህም አያስኬድም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልም ያለ ብዙ ገንዘብ፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሠራ ነው፤ በውስጡ የሚታየው ገበሬ ግን እንደ ገበሬ ለብሶ ይታያል፤ ያየውም ሰው የልብሱን ንጣት የለበሰው ሰው ድካም አድርጎ ያነበዋል። እውነት ከወርቅ ይልቅ ጥያቄን ትፈልጋለች።

ፍርድ ከራስ ይጀምር ዘንድ ተገቢ ስለ ሆነ ለካፋም ሰው የሚነገር ቃል አለ። ማንጆ የሚባሉት ወገኖች በካፋ ለረጅም ዘመን ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ በጋብቻም እንዳይተሳሰሩ ተከልክለው ኖረዋል። ሃቲ ማክዳንኤል ለብቻዋ የተቀመጠችበትን ትንሽ ገበታ አይቶ «የአሜሪካ ሰው እንዴት ጨካኝ ነው!» የሚል የሺሺንዳ ሰው ያን ገበታ በገዛ መንደሩ መፈለግ ይገባዋል። የካፋ ልብስ በመድረክ የሚታይበት ቀን ሲመጣ የንጉሡና የመኳንንቱ ልብስ ብቻ ወጥቶ የማንጆው ልብስ ቢደበቅ፣ ወይም መሳቂያ እንዲሆን ቢወጣ፣ ያም ሌላ ሐሰተኛ ምስክር ነው።

እንግዲህ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ ጨርቅ ከመቀደዱ በፊት ልብሱ የእነርሱ የሆኑት ሰዎች ይጠየቁ። ሁለተኛ፤ የነገሩት ሰዎችና የሠሩት እጆች ስማቸው ይጻፍ፤ ዋጋቸውም ይከፈል። ሦስተኛ፤ አሮጌው ልብስ በሣጥን ሳይበሰብስ ይሰብሰብ፤ በቦንጋ ለቡና ሙዚየም የሠራ ሀገር ለእናቶቹ ልብስ አንድ ክፍል አያጣም። ለመጋረጃ ቀሚስ ጠባቂ ያቆመ ሕዝብ በዓለም ላይ ሳለ፣ እውነተኛው ልብስ ጠባቂ ሊያጣ አይገባም።

ይህ ካልተደረገ የሚሆነው የታወቀ ነው። ዛሬ በሺሺንዳ ያለ ሕፃን በእጅ ስልክ ያየውን የመድረክ ልብስ የአያቱ ልብስ አድርጎ ይቀበላል። የምታርመው አሮጊት በሞተች ጊዜም የሚከራከር አይኖርም፤ ሐሰቱ ታሪክ ይሆናል፤ ልጅ ሲያድግም ለልጁ ያንኑ ያስተምራል። የንግሥተ ሳባ ፊልም በእሳት ጠፍቶ መልኩ በሰው አሳብ እንደ ቀረ፣ የካፋም ልብስ ጠፍቶ የማስመሰያው መልክ ብቻ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ወቀሳው በሆሊውድ ላይ አይሆንም፤ አሮጊቲቱ በሕይወት ሳለች በአጠገቧ አልፎ ባልጠየቃት ሰው ላይ ይሆናል እንጂ።