የጤና ዓምድ፦ ስምንተኛው ሳምንትና የባት ሕመም

ሞያሌ ላይ ፀሐይ ሳትከር በማለዳ እየተነሳን የጀመርነው የዘጠኝ ሳምንት ሩጫ ስምንተኛው ላይ ደርሷል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሮጠን አንድ ተኩል እንራመድ ነበር፤ አሁን 28 ደቂቃ ሳናቋርጥ እንሮጣለን።

ታዲያ መጨረሻው ሲቃረብ «ባቴን አመመኝ፣ ላቁም» የሚለው በዝቷል። ሕመሙን እንለየው። ሁለቱንም እግር የሚጠዘጥዘው ሕመም ከሩጫ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይብሳል፤ ከዚያ ይለቃል። «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። ያልለመደ ጡንቻ በጥቂቱ ተጎድቶ ራሱን ሲጠግን ነው። በማግስቱ አንሮጥም፤ ቀስ ብለን እንራመዳለን፣ በደንብ እንተኛለን። አጥንት ላይ አንድ ቦታ የሚወጋ፣ የሚያብጥ ወይም እያነከሱ የሚያስኬድ ከሆነ ግን ጥርስ ነክሶ መቻል አያዋጣም። ሩጫው ይቁም፣ ወደ ክሊኒክ ይኬድ።

ዮናስ ክንዴ እንደኛው ከኢትዮጵያ የተሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለስደተኞች ቡድን ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ 90ኛ ወጣ። ዘጠናኛም ቢሆን ጨርሷል።

ለኛም የቀረን አንድ ሳምንት ነው። እናቶችም ነጠላችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ኑ፤ አብረን እንጨርሰው።